ሰዋስውና ቅኔ በአንድ ጉባኤ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል

ጠዋት ከመገናኛ ወደ ቦሌ፣ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲ ኤም ሲና ወደ አያት በሚወስዱት መንገዶች ላይ የደንብ ልብስ የለበሱ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ይተላለፋሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ብቻ ለይቶ ማሰብ ይቻላል። አንደኛዋ ወላጆቿ ከፍተኛ ክፍያ እየከፈሉላት ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት በሚከተል ትምህርት ቤት ትማራለች። በቦርሳዋ ውስጥ አንድ ልብ ወለድ አለ፤ በዚያው ሳምንት ልብ ወለዱን ከአንድ የጋዜጣ ማስታወቂያና ከአንድ የፖለቲካ ንግግር ጋር አስተያይታ፣ ጸሐፊዎቹ አንባቢን ወደፈለጉበት የሚወስዱት በምን ዓይነት ቃልና ዓረፍተ ነገር እንደሆነ እንድትጽፍ ታዛለች። ሁለተኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ቦርሳው ውስጥ የሚገኘው የትምህርት ሚኒስቴር የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍና ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ ያለፉት ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄዎች ጥራዝ ነው። በዚያው ሳምንት የሚጠበቅበት ከአራት አማራጮች መካከል ትክክለኛውን የግሥ ቅርጽ መምረጥ ነው። ሁለቱም «እንግሊዝኛ እንማራለን» ይላሉ፤ የሚማሩት ግን አንድ ትምህርት አይደለም።

የዚህ መጣጥፍ አቋም በጥቂት ቃላት ሊነገር ይችላል። ብዙዎች አሁንም መሰናዶ ብለው በሚጠሩት ደረጃ፣ ማለትም በ11ኛና በ12ኛ ክፍል፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ እንደ አንድ ትምህርት፣ በአንድ መምህርና በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሰጡ ይገባል። ይህ ይበልጥ የሚያስፈልገውም ለመጀመሪያዋ ተማሪ አይደለም፤ እርሷስ አግኝታዋለች። የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

ጥምሩ ትምህርት በሌላው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የኤ ሌቨል ተማሪ ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ቋንቋን ለብቻ፣ ሥነ ጽሑፍን ለብቻ፣ ወይም ሁለቱን በአንድነት። ካምብሪጅም በልዩ ልዩ አገሮች ለሚገኙ ተማሪዎቹ ጥምሩን በኤ ኤስ ደረጃ ያቀርባል። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት «ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» የተሰኘውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2011 ማስተማር የጀመረ ሲሆን፣ የቃል ፈተናው ተማሪው አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራንና ከሥነ ጽሑፍ ውጭ የሆነ አንድ ጽሑፍን በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ጎን ለጎን እንዲተነትን ይጠይቃል። ከሁሉም ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ልብ ወለዱም፣ የመድኃኒት መመሪያውም፣ ስብከቱም፣ የምስክር ቃሉም የሚሠሩት ከአንድ ጭቃ ነው። ኤች. ጂ. ዊዶውሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አጻጻፍ ስልት ጥናትና ስለ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው በዚሁ መንገድ ነበር፤ የአጻጻፍ ስልት ጥናት በቋንቋ ትምህርትና በሥነ ጽሑፍ ሂስ መካከል ያለ ድልድይ ነው በማለት። ጥምሩ ትምህርት ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ብቻ ይሰጣል የሚል ትችት ይሰነዘርበታል። ትችቱ ለልዩ ሙያ ለሚዘጋጅ ተማሪ ክብደት ይኖረው ይሆናል፤ ከሁለቱም ሩቡን ላላገኘ ተማሪ ግን ብዙም የሚያስጨንቅ አይደለም።

በአገር አቀፉ ሥርዓተ ትምህርት እንግሊዝኛ ድርብ ሸክም አለበት። አንድ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እንግሊዝኛ በተፈጥሮ ሳይንስም በማኅበራዊ ሳይንስም ዘርፍ ግዴታ ከመሆኑም በላይ የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጦርነቱና ወረርሽኙ፣ የመምህራን ኑሮና የፈተናው አሰጣጥ መለወጥ ሁሉም የየድርሻቸው አላቸው። ሆኖም ጥያቄውን ራሱን አንብቦ መረዳት ያልቻለ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ መመለስ እንደማይችል ለማንም መምህር መንገር አያስፈልግም።

መማሪያ መጽሐፉ ይህን የንባብ አቅም የሚገነባው በምን መንገድ ነው? በምዕራፍ ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ርእሰ ጉዳይ ያነሣል፤ አጭር ምንባብ ያቀርባል፤ ከምንባቡ ቃላት ያወጣል፤ ወደ አንድ የሰዋስው ነጥብ ይሻገራል፤ በመጨረሻም ንግግርና አጭር ጽሕፈት ያዛል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ርእሱ ይለወጣል፤ የቀደመው ምንባብ ሰውም፣ ቦታም፣ ድምፅም ተረስቶ ይቀራል። ዝግጅቱ የተናቀ ሥራ አይደለም፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ በዓለም ላይ የተስፋፋው፣ ቋንቋን ለመግባባት የማስተማር ዘዴ ውጤት ነው። ይሁንና ተማሪው አንድ ሙሉ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሳያነብ 12ኛ ክፍልን ሊጨርስ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት የእንግሊዝኛ ክህሎት ኮርስ ይጠብቀዋል፤ ከኮርሱ ውጭ ደግሞ በየትምህርቱ ሃምሳና ስድሳ ገጽ የሚያስነብብ ሀንድአውት ይሰጠዋል። ረጅም ንባብ የሚጠይቀው ትዕግሥት፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ የተባለውን በሠላሳኛው ገጽ ላይ የማስታወስ ልማድ፣ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ከሚዘልል ምንባብ አይገኝም።

ነገሩ በምሥራቅ አዲስ አበባ ያለ ታሪክ አይደለም። ከነጻነት በኋላ የተከፈተው የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት፣ በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ በኮተቤ ነበር። በዚያ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብርቅ ስለነበር የኮተቤን ልጅ ከዛሬው የ60 ተማሪ ክፍል ጋር ማነጻጸር አይገባም። አንድ ስም ግን ሊዘለል አይገባውም። መንግሥቱ ለማ በኮተቤ የተማረ፣ ከዚያም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን የተላከ ጸሐፊ ነው። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ልጅየው የአባቱን ትዝታ በመጽሐፍ አኑሯል። ይኸው ሰው «ያላቻ ጋብቻ» የተሰኘውን ተውኔቱን ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ታትሟል። የራሱን ቀልድ በሌላ ቋንቋ ዳግመኛ ማሳቅ የቻለ ደራሲ ቋንቋውን በአንድ ሣጥን፣ ሥነ ጽሑፉን በሌላ ሣጥን አስቀምጦ አልተማረም ብሎ መደምደም ድፍረት አይሆንም። ከሁለቱ ምንጮቹ አንደኛው፣ ማለትም የአባቱ ዓለም፣ ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም ነበር።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት እዚህ ላይ ሰፋ አድርጎ ሊታይ ይገባዋል፤ ስለ ጥምር ትምህርት ሲነሣ ምሳሌ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ይመስላልና። የቅኔ ተማሪ ግእዝን የሚማረው ለንግግር አይደለም፤ የአፍ መፍቻውም አይደለም፤ በአደባባይም አይሰማውም። በዚህ ረገድ ከመገናኛው ተማሪና ከእንግሊዝኛው ይልቅ የባሰ ርቀት አለበት። ግስ ያጠናል፤ ርባታ ይማራል፤ አገባብ ይቀጽላል። ነገር ግን እነዚህን ጨርሶ እስኪበቃ ድረስ ቅኔው አይዘገይበትም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ባለ ሦስቱን፣ ባለ አምስቱን እያለፈ፣ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ያድጋል፤ በየደረጃው የተማረው ሰዋስው በዚያው ዕለት ሥራ ላይ ይውላል። መምህሩ ይዘርፋል፤ ተማሪው ሰሙንና ወርቁን ይፈታል፤ ከዚያም ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። እርማቱ ምንድን ነው? «ይህ ግሥ እዚህ አይገባም» ማለትና «ይህ ወርቅ ሰሙን አልተሸከመም» ማለት በአንድ ትንፋሽ ይመጣሉ። የሰዋስው ስህተቱ የቅኔው ስህተት ነው፤ የቅኔው ድካም የሰዋስው ድካም ነው። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ ስለማይደገምም ተማሪው በቃል በተያዘ መልስ ሊያመልጥ አይችልም።

ከዚህ ሥርዓት የሚወሰደው የዓመታቱ ርዝመትም፣ የቁራሽ ልመናውም፣ ግርፋቱም አይደለም። የሚወሰደው ቅደም ተከተሉ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት «መጀመሪያ ቋንቋውን ይቻሉ፣ ሥነ ጽሑፉ በኋላ ይደርሳል» የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ «በኋላ» ደግሞ ለአብዛኛው ተማሪ አይመጣም። ቅኔ ቤቱ የሚያስተምረው ቋንቋው የሚቻለው በሥነ ጽሑፉ ውስጥ መሆኑን ነው። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መጻሕፍት እንኳ ከልብ ወለድ፣ ከግጥምና ከተውኔት የተቀነጨበ ምንባብ ይዘው ነው ሰዋስውን የሚያስተምሩት፤ ማንም «ይህ ቅንጦት ነው» ብሎ ሲቃወም አይሰማም። እንግሊዝኛ ላይ ሲደረስ ብቻ ሥነ ጽሑፍ የሀብታም ልጅ ትምህርት ይሆናል።

በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ መጽሐፍ ማሳየት ይቻላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፈ ደራሲ ነው። «ዘ አፈርሳታ» የተሰኘው አጭር የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱ በ1960ዎቹ መገባደጃ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ወጣ። ታሪኩ በጉራጌ ምድር የሚፈጸም ነው፤ የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፤ የአካባቢው ሕዝብም እሳቱን የለኮሰውን ለማወቅ በአፈርሳታ ይሰበሰባል። ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ቋንቋው አይከብድም፤ ዓለሙም ባዕድ አይደለም። አውጫጭኝን በስም ባያውቀው እንኳ አያቱ ታውቀዋለች።

በዚህ መጽሐፍ የሚሠራ መምህር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በአንድ ግሥ ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። አማርኛ «ቤቱ ተቃጠለ» ሲል እሳቱ በራሱ ተነሥቶ ይሁን ወይም ሰው ለኩሶት አይለይም፤ አንዱ ቅርጽ ሁለቱንም ይሸከማል። እንግሊዝኛ ግን ምርጫ ያስገድዳል። «ዘ ሃውስ በርንት» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ዘ ሃውስ ዋዝ በርንት» ማለት ከጀርባው አንድ እጅ እንዳለ መጠቆም ነው። በመማሪያ መጽሐፉ ይህ ተገብሮ ግሥ የሚባል አንድ የሰዋስው ነጥብ ነው፤ ተማሪው ዐሥር ዓረፍተ ነገር ይገለብጥና ያልፋል፤ ለምን እንደሚገለብጥ ግን አይነገረውም። በአፈርሳታው ፊት የቆመ ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጡ የምስክርነት ጉዳይ ነው፤ ጎረቤትን ያስጠረጥራል ወይም ያድናል። ይህን ያየ ተማሪ የተገብሮ ግሥን ጥቅም ዳግመኛ አይስትም። ጋዜጣ ሲያነብም «ስህተት ተፈጽሟል» የሚል መግለጫ ማንን ከዓይን እንደሚሰውር መጠየቅ ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር የሌላን ሰው ንግግር መልሶ መናገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ «እመጣለሁ አለ» ሲል የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ይይዘዋል፤ «እመጣለሁ» የሚለው «እኔ» የአወሪው ሳይሆን የባለቃሉ ነው። እንግሊዝኛ ቀጥተኛ ያልሆነ ንግግር ሲጠቀም ባለቤቱንም ጊዜውንም ይለውጣል። በመሰናዶ ክፍሎች ከሚታዩት ስህተቶች ግትር የሆነው ምናልባት ይኸው ነው፤ ምንጩም ስንፍና ሳይሆን የራሱ የአማርኛ ሥርዓት ነው። አፈርሳታ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ እንዲህ ሲል ሰማሁ» የሚባልበት ጉባኤ ነው። የአንዱን ቃል ሌላው ሲያቀብል ምን ይጨመራል፣ ምን ይቀነሳል? ይህ ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሰዋስውም፣ የልብ ወለድ አተራረክም፣ የፍትሕም ጥያቄ ነው። እነዚህን ሦስቱን በሦስት መምህር መከፋፈል የሚቻል ቢሆንም ማንም አይጠቀምም። በመጨረሻም የርእሱ ጉዳይ አለ፦ ደራሲው «አፈርሳታ» የሚለውን ቃል ለምን ሳይተረጉም ተወው? የክፍሉ ግማሽ «እንግሊዝኛው ስለሌለው» ሊል ይችላል፤ ሌላው ግማሽ አይስማማም፤ ክርክሩ የሚካሄደው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

ጎረቤት ኬንያ ይህን መንገድ ከጀመረች ቆይታለች። በዚያ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ቋንቋንና ሥነ ጽሑፍን ያዋሐደ አንድ ትምህርት ነው። የማጠናቀቂያ ፈተናውም በሦስት ወረቀት ይሰጣል፤ አንዱ የተግባር ጽሕፈትንና የንግግር ክህሎትን፣ ሁለተኛው የንባብ ግንዛቤን፣ የሥነ ጽሑፍ አድናቆትንና ሰዋስውን፣ ሦስተኛው የፈጠራ ድርሰትንና በተመረጡ መጻሕፍት ላይ የሚጻፍ ሐተታን ይፈትናል። የኬንያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ከኮተቤው ክፍል የሚያንስ መጨናነቅ ያለበት አይደለም፤ ስለዚህ «በድሃ አገር አይሆንም» የሚለው መከራከሪያ ከሞያሌ ማዶ ይፈርሳል። የኬንያ ልምድ ግን ማስጠንቀቂያም ይዟል። በየዓመቱ በተመረጡት መጻሕፍት ላይ የሚታተሙ መምሪያዎች መጽሐፉን ራሱን እስከ መተካት ደርሰዋል፤ ተማሪው የገጸ ባሕርያትን ባሕርይ በዝርዝር ያጠናል እንጂ ልብ ወለዱን ላያነብ ይችላል። ሥነ ጽሑፍ ወደ ከፍተኛ ፈተና በገባ ቁጥር ይህ አደጋ አብሮት ይገባል። በፎቶ ኮፒ ቤት በበለጸገች አዲስ አበባ ደግሞ መምሪያው ከመጽሐፉ ቀድሞ እንደሚደርስ መገመት ነቢይነት አይጠይቅም።

የማን ሥነ ጽሑፍ ይሁን የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ የእንግሊዝኛ የትምህርት ክፍሉ እንዲሻር ሲጠይቁ ያነሡት ይህንኑ ነበር፤ የአፍሪካ ተማሪ የሥነ ጽሑፍ ማእከሉ ለምን ለንደን ይሆናል? በኢትዮጵያ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። እንግሊዝኛ የቅኝ ገዢ ቋንቋ ሆኖ አልመጣም፤ የራስ ሥነ ጽሑፍ በራስ ቋንቋ ሲጻፍ ኖሯል። በመሆኑም በእንግሊዝኛ የጻፉት ኢትዮጵያውያን ቁጥር ጥቂት ነው፤ ይህ ጥቂትነት ደግሞ ለመምህሩ ያመቻል። የዐቤ ጉበኛ «ዘ ሳቬጅ ገርል» እ.ኤ.አ. በ1964፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በ1965፣ የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» በ1973፣ ከዚያም በዳያስፖራው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች መካከል የገባው የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይጠቀሳሉ። ሁሉም ለ11ኛ ክፍል አይመቹም፤ የዳኛቸው መጽሐፍ ለምሳሌ ለጎልማሳ አንባቢም ቢሆን ይጎረብጣል። ሼክስፒርን ከዝርዝሩ ማስወጣት ግን አያስፈልግም፤ በጸጋዬ አማርኛ የሐምሌትን ድምፅ የሰማ ከተማ ነው፤ አንዱን ትዕይንት በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ማንበብ የትኛውም የለንደን ክፍል የማያገኘው ዕድል ነው።

ከበድ ያለው እንቅፋት መምህሩ ነው፤ ጥፋቱ ግን የመምህሩ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር አንድ መርሐ ግብር፣ ሥነ ጽሑፍ ሌላ መርሐ ግብር ነው። አንደኛው ስለ ማስተማሪያ ዘዴ፣ ስለ ምዘናና ስለ ስህተት ትንተና ያጠናል፤ ሁለተኛው ስለ አተራረክ፣ ስለ ሂስና ስለ ደራስያን። ሁለቱ ተመራቂዎች በአንድ ኮሪደር ይተላለፋሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፎቻቸው ግን እምብዛም አይነጋገሩም። ክፍሉን የሚከፍለው ግድግዳ የቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚወርደው ጥላው ብቻ ነው። ስለ ሥነ ጽሑፍ የተማረው ተመራቂ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚያስተምረው ሰዋስው ነው፤ ስለ ቋንቋ ማስተማር የተማረው ደግሞ ልብ ወለድ ይዞ ክፍል መግባት እንደ ድፍረት ይታየዋል። በዚህ ረገድ የቅርቡ መፍትሔ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሳይሆን ከመምህራን ማሠልጠኛው ጋር ያለ ይመስላል። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ በምሥራቁ የከተማው ክፍል ነው፤ ሠልጣኞቹ ለተግባር ልምምድ የሚወጡባቸው ትምህርት ቤቶችም በእግርና በአንድ ታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። አንድ ልብ ወለድ ለሰዋስው ትምህርት እንዴት እንደሚታረስ በአንድ ሴሚስተር ልምምድ ማሳየት አዲስ የትምህርት ክፍል መክፈት አይጠይቅም።

ፈተናውስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ የሚታረመውም በማሽን ነው፤ በብዙ መቶ ሺህ ተፈታኝ ፊት ሐተታ ማስጻፍ አይታሰብም። ትምህርት ቤቶች ራሳቸው የሚሰጡት የጽሑፍ ምዘና ይቆጠር ቢባልም የሕዝብ እምነት አይገኝም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ እንዲቋረጥና በሌላ ቀን እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ የመጣው ለውጥ ሁሉ፣ ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እስከ መውሰድ ድረስ፣ በዚሁ አለመተማመን የተገፋ ነው። ስለዚህ ጥምሩን ትምህርት በ12ኛው ክፍል ፈተና በኩል ማስገባት መሞከር በር በሌለበት ግድግዳ ላይ መጋጨት ይሆናል፤ ቢሳካ እንኳ የኬንያውን መምሪያ ይጠራል።

በር ያለው በ11ኛ ክፍል ነው። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ 11ኛ ክፍል በመጨረሻው አገር አቀፍ ፈተና የማይጠብቀው ዓመት ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ይህን ዓመት የ12ኛ ክፍል ማሟሟቂያ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ በግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወርክሺትና ማጠናከሪያ ትምህርት ይጫንበታል። ከሳምንቱ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱ ለአንድ አጭር መጽሐፍ ቢሰጡ መማሪያ መጽሐፉ አይጎዳም፤ የሰዋስው ነጥቦቹ ከመጽሐፉ ውስጥ ተመርጠው ስለሚሠሩ እንዲያውም ይደገፋል። ለአንድ ክፍል የሚበቃ 60 ቅጂ ተገዝቶ ወይም በአሳታሚው ፈቃድ ተባዝቶ በቤተ መጻሕፍቱ ቢቀመጥ፣ ክፍሎች እየተፈራረቁ ለዓመታት ሊያነቡት ይችላሉ። ከየካ እስከ ለሚ ኩራ ባሉት ክፍለ ከተሞች አራት ወይም አምስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ቢመረጡ፣ ውጤቱን መከታተል ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው፤ ሙከራው ባይሳካም የት እንደተሰናከለ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ተማሪው ስለ አንድ የተቃጠለ ቤት ሦስት አንቀጽ ይጽፋል፦ በመጀመሪያው ባለቤቱ ይናገራል፤ በሁለተኛው ጎረቤቱ ባለቤቱ ያለውን መልሶ ያወራል፤ በሦስተኛው የጉባኤው ጸሐፊ ሁለቱን በቃለ ጉባኤ ይመዘግባል። «በርንት» ይሁን «ዋዝ በርንት» የሚለውን መምህሩ አይነግረውም። ማን እንደሚናገርና ምን እንደሚፈራ ይጠይቀዋል።